የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመሬት ክርክርን በአሳታፊ ሞዴል

ከአዲስ አበባ ዳርቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አራቱ በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሚገናኙ በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጠያቂዎቻችንን ስም በጥያቄያቸው መሠረት አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በሱሉልታ በኩል ባለች አንዲት መንደር ሲሆን የመንደራችን የግጦሽ ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ከጋራው ግርጌ ምንጭ ያለበት የወል ግጦሽ አለን። የላም ባለቤቶች ለግጦሽና ለድርቆሽ ይፈልጉታል፤ በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በጋራው በኩል የድንጋይ ካባ እንዲከፈትላቸው ጠይቀዋል፤ ከታች በኩል ደግሞ አንድ የቤት ሠሪዎች ማኅበር ቦታ እንዲሰጠው አመልክቷል። በተሰበሰብን ቁጥር ተጨቃጭቀን እንበተናለን። በቅርቡ በአንድ ሥልጠና ላይ «አሳታፊ ሞዴሊንግ» የሚባል ዘዴ እንዲህ ላለው ጉዳይ ይረዳል ሲባል ሰማሁ። ምን ዓይነት ነገር ነው? በእርግጥ ይረዳል ወይስ ለስብሰባ የተሰጠ ሌላ ስም ነው?

መልስ፦ ጥርጣሬዎ ተገቢ ነው፤ ይህን ስም ይዞ ስብሰባ ብቻ ሆኖ የቀረ ሥራ አለና። በአግባቡ ሲሠራ ግን ልዩነቱ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ይታያል። በስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ የሚፈልገውን ይናገራል። በሞዴል ሥራ ላይ፣ ማለትም አካባቢውን የሚወክል ነገር በጋራ ሲሠራ፣ ከፍላጎቱ በፊት የሚያውቀውን እንዲያስቀምጥ ይጠየቃል፦ ምንጩ በበጋ እስከ የትኛው ወር ይቆያል፣ ጎርፉ በየት በኩል ይወርዳል፣ ከብቱ በየትኛው መንገድ ይነዳል፣ ድንጋዩስ የት ላይ ነው ከመሬቱ ገጽ ብዙም ሳይርቅ የሚገኘው? እነዚህን የሚያውቁት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፤ የካባው ወጣት ስለ ድንጋዩ የሚያውቀውን የላም ባለቤቷ አታውቅም፣ እርሷ ስለ ምንጩ የምታውቀውንም እርሱ አያውቅም። ሞዴሉ የሁሉንም ዕውቀት አንድ ቦታ ላይ ያገናኘዋል።

መልኩ እንደ ጉዳዩ ይለያያል። በካርቶን የሚሠራ የአካባቢው ቅርጽ ሊሆን ይችላል፤ ተጫዋቾች የገበሬን፣ የባለሀብትንና የመሥሪያ ቤትን ድርሻ ይዘው የሚጫወቱት ጨዋታ ሊሆን ይችላል፤ ከጨዋታው የተገኙት ደንቦች በኮምፒውተር ላይ ተጭነው ወደፊት ምን ሊከተል እንደሚችል የሚታይበት ስሌት ሊሆን ይችላል። ለእናንተ መንደር የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ይበቃሉ ብለን እናምናለን።

ካርቶኑን እንመልከት። 1፡2,500 በሆነ ልኬት 1 ሳንቲሜትር 25 ሜትር ማለት ስለሆነ፣ 4 በ3 ኪሎ ሜትር የሆነ አካባቢ 160 በ120 ሳንቲሜትር ስፋት ባለው ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ 1 ሄክታር መሬት 4 በ4 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ ሩብ ሄክታር ያለው ሰውም የራሱን ማሳ 2 በ2 ሳንቲሜትር ሆኖ ያገኘዋል። እያንዳንዱ የ10 ሜትር ከፍታ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር በሆነ ካርቶን ተቆርጦ አንዱ በሌላው ላይ ይደረደራል። የሱሉልታ ሜዳ ጠፍጣፋ በመሆኑ በዚህ አሠራር ምንም ሳያሳይ እንዳይቀር ከፍታውን በእጥፍ ማጋነን ያስፈልግ ይሆናል፤ ማጋነናችሁን ግን ከሞዴሉ ጎን በጉልህ ጻፉት፣ አለበለዚያ ጋራው ከእውነቱ በላይ ቀጥ ያለ መስሎ ስለሚታይ የካባው ክርክር ከወዲሁ ያጋድላል።

የመቁረጡንና የማጣበቁን ሥራ ተማሪዎች ሊሠሩት ይችላሉ። ሲደርቅ ግን ሞዴሉ ላይ አንድም ስም የለም፤ ዋናው ሥራ የሚጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ነጥብ ለሆነ ነገር፣ ማለትም ለምንጭ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለትልቅ ዛፍ፣ ባለቀለም ስፒል ይተከላል፤ መስመር ለሆነው፣ ለወንዝ፣ ለከብት መንጃ፣ ለወሰን፣ ክር ይዘረጋል፤ ስፋት ያለው ግጦሽና ማሳ ደግሞ በቀለም ይቀባል። የትኛው ቀለም ምን እንደሆነ ማንም ስፒል ከመትከሉ በፊት ሁሉም ተስማምተው ይወስናሉ፤ የምልክቶቹ መግለጫም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ መጻፍ አለበት፣ ሽማግሌዎቹ ጋራውንና ወንዙን የሚጠሩበት ስም በብዛት በሁለተኛው ቋንቋ ነውና። በቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረን ወሰን ለማንሳት ሌላ ስብሰባና ሌላ ፊርማ ያስፈልጋል፤ ክር ግን ተነቅሎ መልሶ ይተከላል። «እስቲ ካባው ከዚህ እስከዚህ ቢሆንስ?» ብሎ ክሩን ሁለት ጣት ወደ ላይ የሳበ ሰው ምንም አልተሸነፈም፣ ምንም አላሸነፈምም። ይህ ለተከራካሪዎች የሚሰጠው እፎይታ ቀላል አይደለም።

የጨዋታው ክፍል የሚጠቅመው ሰዎች ድርሻ ሲለዋወጡ ነው። በእርሻ ውኃ በተጣሉ ሁለት የቡታን መንደሮች፣ ከላይ ባለችው ሊምቡካና ከታች ባለችው ዶምፖላ፣ በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ተመራማሪዎች ነዋሪዎቹን እንዲህ ዓይነት ጨዋታ አጫወቷቸው። የላይኛዋ መንደር የሩዝ ችግኟን ቀድማ ወደ ማሳ ስለምታዛውር ውኃውን እስከ ተወሰነ ጊዜ ድረስ ትይዘው ነበር። በጨዋታው የላይኞቹ የታችኞቹን ድርሻ፣ የታችኞቹ ደግሞ የላይኞቹን ይዘው ተጫወቱ፤ ሂደቱም ቆይቶ የተፋሰሱን ውኃ በጋራ የሚመራ ኮሚቴ እስከ መመሥረት ደረሰ። በእናንተም ዘንድ የካባው ወጣት አንድ ሙሉ ዓመት በጨዋታ የላም ባለቤት ይሁን፤ የላም ባለቤቱም ሥራ ፈላጊ ወጣት ሆኖ ገቢውን ከድንጋይ ያግኝ። ቁጥሮቹን ከመጽሐፍ አታምጡ። አንዲት ላም በቀን ስንት ሊትር ውኃ እንደምትጠጣ የላም ባለቤቶች ይናገሩ፤ በቀን ስንት መኪና ጠጠር እንደሚወጣም ወጣቶቹ ይናገሩ። ሌላው ወገን ካላመነ እዚያው ይጠይቅ፤ በቁጥር ላይ የሚነሳ ክርክር በሰው ላይ ከሚነሳው ይሻላል።

ማን ይጠራ የሚለውን በሚገባ አስቡበት። ከእንጦጦ ሰንሰለት በስተ ደቡብ የሚዘንበው ውኃ በአቃቂ በኩል ወደ አዋሽ ሲወርድ፣ በእናንተ በኩል ያለው በሙገር አድርጎ ወደ ዓባይ ይሄዳል። ስለዚህ ካባው ምንጩን ቢያደፈርሰው መጀመሪያ የሚያገኘው ከእናንተ በታች በሰሜን ያሉትን ገበሬዎች ነው፤ በኮሚቴያችሁ ውስጥ ላይኖሩ ይችላሉ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ግን መኖር አለባቸው። የካባ ፈቃድ የሚሰጠው የክልሉ መሥሪያ ቤትና የቤት መሥሪያ ቦታ የሚሰጠው የከተማ አስተዳደርም ባለሙያ መላክ አለባቸው፤ ያውም ከጉባኤው መክፈቻ በኋላ የሚሄድ ሳይሆን ስፒል የሚተክል ባለሙያ። የሚወስነው ወገን ያልነካው ሞዴል ቢሮ ሲደርስ ከደብዳቤ የተለየ ክብደት አይኖረውም።

ዘዴው ለአካባቢያችን እንግዳም አይደለም። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ፣ በወልመራ ወረዳ በወጨጫ ተራራ ዙሪያ፣ ሜልካ ኢትዮጵያ የተባለው አገር በቀል ድርጅት ከዐሥር ዓመት በላይ አስቀድሞ ከነዋሪዎች ጋር እንዲህ ያለ ባለሦስት አቅጣጫ ሞዴል ሠርቶ ነበር።

ጥያቄ፦ እኔ የምኖረው በሰንዳፋ በኩል ነው። በእኛ ዘንድ ሰው የሚጠራው ችካል ከተተከለ በኋላ ነው። አስቀድሞ የተወሰነን ነገር ይዘው መጥተው «ተወያዩበት» ይሉናል። እንዲህ ባለ ጊዜ ይህ የሞዴል ሥራ ይረዳናል? ወይስ «ሕዝቡ ተስማምቷል» ለማለት ፊርማችንን መውሰጃ ይሆናል?

መልስ፦ ውሳኔው ካለቀ አትሥሩት። ይህን በግልጽ የምንናገረው ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ነጥብ ይህ በመሆኑ ነው። አሳታፊ ሞዴል ገና ሊለወጥ ስለሚችል ነገር መነጋገሪያ ነው፤ ላለቀ ነገር ሲውል እርስዎ የፈሩትን ይሆናል። ስለዚህ «ኑ ሞዴል እንሥራ» የሚል ጥሪ ሲደርሳችሁ በመጀመሪያ አንድ ጥያቄ በጽሑፍ አቅርቡ፦ ከቦታው፣ ከስፋቱ፣ ከጊዜውና ከአጠቃቀሙ መካከል አሁንም ሊለወጥ የሚችለው የትኛው ነው? መልሱ «አንዱም» ከሆነ፣ የሚቀራችሁ ስለ ካሳና ስለ መልሶ ማቋቋም የሚደረግ ድርድር ነው፤ ለዚያ የሚያስፈልጋችሁ ካርቶን ሳይሆን ሕግ ነው።

ሕጉን በሚመለከት፣ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል፤ አንቀጽ 92ም በአካባቢ ጥበቃ ረገድ ተመሳሳይ ቃል አለው። ለሕዝብ ጥቅም የሚለቀቅ መሬትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ሲወጣ፣ ተነሺዎች ይዞታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ፣ መሬቱ በአስቸኳይ የሚፈለግ ከሆነም ምክክሩ ከስድስት ወር እንዳያንስ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በ2016 ዓ.ም. ማሻሻያ የተደረገበት ስለሆነ ሁለቱን አጣምሮ የሚያነብ የሕግ ባለሙያ ሳታማክሩ በቀን ቆጠራ ላይ አትመኩ። ቅሬታ ማቅረቢያው ጊዜ አጭር ነው፤ የማስለቀቂያ ትእዛዝ ከደረሳችሁ በሞዴል ሥራ ወይም በሌላ ውይይት ምክንያት እንዳያልፋችሁ።

አካባቢያችሁ ለዚህ ጉዳይ የራሱ ታሪክ አለው። በሰንዳፋ የተሠራው የደረቅ ቆሻሻ ማስወገጃ በፈረንሣይ የልማት ተቋም ድጋፍ ተገንብቶ በ2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ሽታውና ስለ ውኃው መበከል ተቃውሞ በማሰማታቸው በጥቂት ወራት ውስጥ ተዘጋ። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሼ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞቱ። አንዱ ለሌላው ብቸኛ ምክንያት ነው አንልም፤ ክምሩ ለዐሥርት ዓመታት ሲከማች የኖረ ነው። ይሁን እንጂ ወጪው ሁሉ ከወጣ በኋላ የተነሱት ጥያቄዎች፣ ነፋሱ በየትኛው ወራት ወደ የትኛው መንደር ይነፍሳል፣ ከማስወገጃው በታች ከብት የሚጠጣው ከየትኛው ወንዝ ነው፣ ቦታው ገና በሚመረጥበት ጊዜ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊጠየቁ የሚችሉ ነበሩ። እንዲህ ያለው ዘዴ ቦታው የሚገባው በዚያ ደረጃ ላይ ነው።

ስለ ፊርማው ደግሞ፦ በስብሰባ ላይ የሚዞረው ወረቀት ምን እንደሆነ ከላዩ ሳይጻፍበት አትፈርሙ። «የተሰብሳቢዎች መገኘት ማረጋገጫ ብቻ» የሚል ርእስ በእጅ ጽሑፍም ቢሆን ከስም ዝርዝሩ በላይ ይስፈር፤ ካልሆነ ከራስዎ ስም ጎን «ተገኝቻለሁ» ብለው ይጻፉ። ከተስማማችሁ ስምምነቱ በሌላ ወረቀት፣ በሌላ ቀን ይፈረም፤ ከመፈረማችሁ በፊት ቤት ወስዳችሁ ከቤተሰብ ጋር የምታነቡት ይሁን።

ጥያቄ፦ ወተት እየሸጥኩ ልጆቼን የማሳድግ እናት ነኝ፤ ባለቤቴ አርፏል። በመንደራችን ስብሰባ ላይ የሚናገሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው። ሞዴል ቢሠራስ ስፒሉን የሚተክሉት እነዚያው አይደሉም? ሌላው ስጋቴ፣ የይዞታ ደብተሩ ገና በስሜ አልዞረም። ማሳዬን ሞዴሉ ላይ ባሳይ ችግር አያመጣብኝም?

መልስ፦ እናታችን፣ ሁለቱም ስጋቶችዎ እውነተኛ ናቸው፤ ሁለተኛው በተለይ በዚህ ዘዴ ላይ በሚሰጡ ሥልጠናዎች በቂ ቦታ ሳይሰጠው የሚታለፍ ይመስለናል።

የመጀመሪያው በአሠራር ይታረማል። ሁሉም በአንድ ጊዜ ጠረጴዛውን ከከበበ ስፒሉ በእርግጥ ቀድሞ በተናገረው እጅ ይገባል። ስለዚህ የሥራው አስተባባሪ ሰዎችን በየቡድኑ ይጥራ፦ ሴቶችን ለብቻ፣ እረኞችንና ወጣቶችን ለብቻ፣ ሽማግሌዎችን ለብቻ። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል። ሽማግሌዎች ከተከሉ በኋላ የሚመጣ ሰው የእነርሱን ስፒል ለመንቀል ያፍራል፤ ስለዚህ ሴቶች ወይም እረኞች ይቅደሙ። ውኃ የሚቀዱት ሴቶች በመሆናቸው ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚቀንስና የትኛው መንገድ ሲመሽ እንደሚያስፈራ ለመናገር ከእናንተ የሚቀድም የለም። የሴቶች ቀጠሮ በማለዳ የወተት ርክክብ ሰዓት ላይ እንዳይሆንም ጠይቁ፤ አስተባባሪዎች ይህን ባለማወቅ ብዙ ጊዜ ወንዶች ብቻ የሚገኙበትን ሰዓት ይይዛሉ።

ሁለተኛው ስጋትዎ ጥንቃቄ ይሻል። ሞዴል የይዞታ ማስረጃ አይደለም፤ ማንም በሞዴል ላይ ስላሳየ መሬት አያገኝም፣ ስላላሳየም አያጣም። ነገር ግን ሞዴል ብዙ ነገር በአንድ ዕይታ ያሳያል፤ ሰነድ የሌለው ማሳ የት እንዳለ፣ ባለቤቱ የሞተበት ይዞታ የቱ እንደሆነ፣ ያልታጠረው የወል መሬት ከመንገድ ስንት እንደሚርቅ ሁሉ። ይህን ለማወቅ ደላላ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ ዞሮ ቢያየው ይበቃዋል። ስለዚህ በግል ማሳ ላይ የሰው ስም አይጻፍ፤ የአጠቃቀሙ ዓይነት ብቻ በቀለም ይታይ። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሦስት ነገር በስምምነት ይወሰን፦ ሞዴሉ በማን ቤት ወይም በየትኛው አዳራሽ ይቀመጣል፣ ቁልፉን ማን ይይዛል፣ ፎቶ ማንሳትስ ለማን ይፈቀዳል። ፎቶው በቴሌግራም ከወጣ በኋላ መመለሻ የለውም። እነዚህን የሚያረጋግጥ ከሌለ ማሳዎን አለማሳየት ይችላሉ፤ ስለ ምንጩና ስለ ግጦሹ ብቻ ቢናገሩ ተሳትፎዎ አይጎድልም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የደብተሩን ጉዳይ ይጨርሱ። በኦሮሚያ ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት የገጠር መሬት ደብተሩ የሚሰጠው በሁለቱም ስም በመሆኑ፣ የእርስዎ ስምና ፎቶግራፍ አስቀድሞ በላዩ ላይ እንዳለ ይመልከቱ፤ ካለ ጉዳዩ ካሰቡት ይቀላል። ለባለቤትዎ ድርሻ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ አውጥተው ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ በአንድ ክፍለ ከተማ የመሬት ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ነኝ። የሳተላይት ምስልና ኮምፒውተር እያለን ካርቶን መለጠፍና ጨዋታ መጫወት ወደ ኋላ መመለስ አይሆንም?

መልስ፦ የሳተላይት ምስል በሱሉልታ ሜዳ ላይ አረንጓዴ ሣር ያሳይዎታል። በጥቅምትና በኅዳር ድርቆሹ ታጭዶ ከተነሳ በኋላ ሜዳው ለማን ከብት እንደሚለቀቅ፣ ማን በማን ፈቃድ እንደሚያሰማራ ግን አያሳይም፤ ክርክሩ ደግሞ ያለው እዚያ ላይ ነው። መሣሪያዎቹ ተፎካካሪዎች አይደሉም። ኮርማስና ኔትሎጎ የሚባሉት በነጻ የሚገኙ ፕሮግራሞች ነዋሪዎች በጨዋታ ያወጧቸውን ደንቦች ተቀብለው የብዙ ዓመታትን ውጤት በጥቂት ደቂቃ ያሳያሉ። በሴኔጋል ወንዝ ዴልታ ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች በመሬት አጠቃቀም ላይ በተወያዩበት፣ ከ1990ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በተካሄደው ሥራም የተመረጠው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፤ ጨዋታውንና ደንቡን መጀመሪያ ነዋሪዎቹ ሠሩት፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ በኋላ ገባ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ፣ ባለሙያው በቢሮ ያዘጋጀው ባለቀለም ምስል በአዳራሽ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ፣ ተመልካቹ ወይ ዝም ይላል ወይ አያምንም።

አንድ የቴክኒክ ነጥብ እንጨምር። የአገሪቱን ካርታ ከሚያዘጋጀው የጂኦስፓሻል ተቋም የሚገኘው 1፡50,000 ካርታ የከፍታ መስመሮቹ በ20 ሜትር ልዩነት የተሰመሩ ስለሆኑ ለመንደር ሞዴል አይበቃም፤ የጽሕፈት ቤትዎ የተሻለ የከፍታ መረጃ ካለው ለኮሚቴው ይስጡ፣ ይህ ብቻውን ትልቅ እርዳታ ነው። የኮምፒውተር ስሌት ካዘጋጁም በውስጡ የገመቱትን ቁጥር ሁሉ፣ የከብቱን ብዛት፣ የምንጩን መጠን፣ የቤቶቹን ቁጥር፣ በአንድ ገጽ ላይ ጽፈው ለኮሚቴው ያድሉ። ከዚያም የቁልፍ ሰሌዳውን ለጸሐፊው ይስጡትና የማያምንበትን ቁጥር ራሱ ለውጦ ውጤቱን ይይ።